ባዶውን መደብ ሰላም የሚሉት ሰው

አያ እንድሪስ ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ዘይነብ ናት። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «ሲስተር፣ አባባ ወደ አኼራ ሄዱ» አለች። ደሴ፣ አሁን በምሠራበት ጤና ጣቢያ ኮሪደር ላይ፣ ካርድ በያዙ ሰዎች መሀል ቆሜ ነበር።

«መቼ?» አልኳት።

«ዛሬ ነው። ሱብሒን ሰግደው ጋደም አሉ። ቁርስ ይዤ ስገባ የሉም። ቀብሩ ከዙሁር ሰላት በኋላ ነው።»

ጋዋኔን አውልቄ ለባልደረባዬ አቀበልኳትና ወደ መናኸሪያ ወጣሁ። መኪናው እስኪሞላ ስንጠብቅ ዓይኔ እንባ አላወጣም። አንድ ነገር ብቻ ይመላለስብኝ ነበር፤ እኚያ ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ የአንዲት አሮጊት ቤት ገብተው፣ ግድግዳ ተደግፎ ወደተሠራ ባዶ መደብ ዞር ብለው «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲሉ።

ከሚሴ የተመደብኩት ከነርስነት ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች በየቀበሌው መግባት የጀመሩበት ሰሞን ነበር። የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንኩ ብርድ እንጂ ሙቀት አላውቅም። ስድስት ሰዓት ሲሆን የጨፋ ሜዳ በሙቀቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሣር የሚግጠው ከብት እግሩ ከመሬት ተነስቶ አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኔን እያሸሁ ነበር የማየው።

አያ እንድሪስ የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት ነበሩ፤ ድሮ ድሬሰር የሚባለው ዓይነት። ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ። ሰው ሲያናግሩ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው፣ እንደ ወፍ በአንድ ዓይን ነው የሚያዩት። ልማድ ይመስለኝ ነበር።

የጤና ጣቢያችን ሥራ እናቶችና ሕፃናት፣ ክትባትና ወባ ነበር። የወሩ ሪፖርት ቅጽ ላይ ከአምስት ዓመት በታች የሚል ቦታ አለ፤ ነፍሰ ጡር የሚል አለ፤ ያረጀ የሚል የለም። አያ እንድሪስ ግን ማንም ሳያዛቸው፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ የደም ግፊት መለኪያውን በፌስታል አንጠልጥለው ሽማግሌና አሮጊት ቤት ለቤት ይጠይቁ ነበር። ግፊት ይለካሉ፣ እግር ጣት መሀል ቁስል አለ ወይ ብለው ያያሉ፣ ምን እንደበሉ ይጠይቃሉ። ከዚያ «እስቲ እጅዎን ሳይደገፉ ይነሱ» ይላሉ። መነሳት ያቃተው ሰው ቤት በሳምንቱ ይመለሳሉ።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ከመስጊዱ እስከ ቦርከና ወንዝ ያስኬዷቸዋል። መጀመሪያ ከተማው ሁሉ ሳቀባቸው። አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው መሬቱን እየመቱ፣ «አንተ እንድሪስ! ዕድሜያችንን በእግር ጨርሰን አሁን መሄድ ልታስተምረን ነው?» ሲሏቸው ሰምቻለሁ።

«ላስተምራችሁ አይደለም፣ አባ» አሉ፤ «እንዳትረሱት ነው።»

አንድ አባባል ነበራቸው፤ ለእኔም፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም፣ ለኃላፊያችንም ይደጋግሙታል። «ሽማግሌ ታሞ አይሞትም፤ ተቀምጦ ነው የሚሞት።» ሲናገሩት ሳቅ የለበትም።

በመጣሁ በሁለተኛው ወር «ነይ፣ ከኔ ጋር አንድ ቤት ትሄጃለሽ» አሉኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ረግረጉ ዳር ያለች መንደር ናት። በማሽላው መሀል አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን። መንገድ ላይ ብዙም አይናገሩም። አንዴ ብቻ ቀጥ ብለው ቆሙና ከመንገዱ ወጥተው ማሽላው ውስጥ ገቡ፤ መንገዱ ላይ ከእኛ በቀር ማንም የለም። ጥቂት ጠብቀው ተመለሱና መንገዳችንን ቀጠልን። ሽንት ያዛቸው ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ግን እንደዚያም አልነበረም፤ ፊታቸው ወደ መንገዱ ነበር።

ቤቱ የእማማ ሀዋ ነው። ከልጃቸው ከጀማል ቤት ትንሽ ራቅ ብሎ ለብቻው የቆመ ጎጆ። የጎረቤት ውሻ እንኳ ወደዚያ አይጠጋም። ደጁ ላይ ደርሰን አያ እንድሪስ «አካም ጅርቱ፣ እማማ ሀዋ!» ብለው ሰላምታውን በኦሮምኛ ጀመሩት። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ «ነጋ፣ ሰላም ነው፤ ግባ ልጄ፣ ግባ» አለ።

ከፀሐይ ወደ ጨለማ ስለገባን መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ዓይኔ ሲለምድ አሮጊቷን ምሰሶው ሥር ተቀምጠው አየኋቸው፤ ቆዳ የለበሰ አጥንት። አጠገባቸው ያለው መደብ ባዶ ነው። ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ፊት ለፊት ሁሉ ግን፣ በእኩል ርቀት፣ ቁራሽ እንጀራ ተቀምጧል። የደረቀ አለ፣ የዛሬ አለ። ጉንዳን ወሮታል።

አያ እንድሪስ ወደ ባዶው መደብ ዞረው «አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ አልነበረም።

«ዛሬ ስንት ናቸው?» አሏቸው እማማ ሀዋን።

«ሰባት። ትናንት ስድስት ነበሩ።»

«ይናገራሉ?»

«ወላሂ ቃል አልተነፈሱም። እኔም ኬሱማ ናቸው ብዬ አልቀየማቸው።» ኬሱማ በኦሮምኛ እንግዳ ማለት ነው፤ ለምጄዋለሁ።

«የኔ ፊት ይታይዎታል?»

«አንተማ ጭስ ነህ ልጄ። በድምፅህ ነው የማውቅህ።»

«እነሱሳ?»

እማማ ሀዋ ፈገግ አሉ። «የሴትዮዋን የነጠላ ጥለት ክሩን ልቁጠርልህ? አንዱ ብቻ ነው ጀርባውን ሰጥቶኝ የሚቀመጥ። እሱን አልወደው።»

እኔ የዋህ ነገር፣ «የትኛዋ ሴትዮ?» አልኳቸው።

«ኸጎንሽ ያለችው» አሉኝ።

መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ በሩ ጋ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፣ ውጭ ፀሐይ ይነድዳል። አያ እንድሪስ አልገሠጹኝም። ለሕፃናት የክንድ ልኬት የተሠራችውን ሪባን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝና «ለኪያቸው» አሉ። ተመልሼ ለካሁ። ሪባኑ የአሮጊቷን ክንድ ዞሮ ተረፈ።

«ለምን አይበሉም እማማ?» አልኳቸው።

ግር ብሏቸው ወደ ድምፄ ዞሩ። «እንግዳ ሳይቀምስ እንዴት ብዬ እበላለሁ? አቀርብላቸዋለሁ፤ አይነኩትም። ነውር አይደለም እንዴ፣ እነሱ እያዩኝ እኔ ልጎርስ?»

ነገሩ ይኼ ነበር። አሮጊቷ የሚበላ ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ፣ በእንግዳ ይሉኝታ በረሃብ እየሞቱ ነበር።

ስንወጣ ልጃቸው ጀማል አጥሩ ጋ ይጠብቀን ነበር። ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን አለው። «አያችሁት አይደል?» አለ። «ሚስቴ ልጆቹን ይዛ አባቷ ቤት ገብታለች። ከደጄ ውሃ የሚቀዳ ጎረቤት የለኝም። ቅዳሜ ቆላ እወስዳታለሁ። ጂኒ የሚያስወጣ ሰው አግኝቻለሁ።»

«በምን ያስወጣል?» አሉ አያ እንድሪስ።

ጀማል መሬት መሬት አየ። «በርበሬ ያጥናል። እምቢ ካለ በአለንጋም...»

«ጀማል፣ ክንዷን አየኸው?»

«እኔስ መች ወደድኩ? እናቴ እኮ ናት!»

«ዓይኗ ነው የታመመ። ሞራ ሸፍኖታል። ዓይን ብርሃን ሲያጣ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ የራሱን ያመጣል። የሚናገሩ ቢሆኑ እኔም ወደ ሸኹ ውሰዳት እልህ ነበር። ዝም ካሉ ግን የዓይን ናቸው።»

ጀማል በንዴት ሳቀ። «የማያይ ዓይን አውቃለሁ፣ አያ እንድሪስ። የሌለ ነገር የሚያይ ዓይን ግን የት ሰምተህ ታውቃለህ? በመጽሐፍ ነው? ያየኸው ሰው አለ?»

አያ እንድሪስ አጠገባቸው ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ አገጫቸውን ወደ ጀማል በር ቀና አድርገው፣ የዕለት ሥራ እንደሚያወራ ሰው ተናገሩ።

«አሁን ኸበርህ ፊት ሦስት ፈረስ ቆሟል። ጭነትም ጌታም የላቸውም። አንዱ ግራጫ ነው፤ የጋማው ፀጉር አንድ በአንድ ይታየኛል። ያንተ ፊት ግን ኸአፍንጫህ በታች የለም።»

ጀማል ወደ በሩ ዞረ። እኔም ዞርኩ። ዶሮ እንኳ አልነበረም።

«ወንድ ልጅህ በወባ ተይዞ የመጣ ጊዜ ሌሊቱን አጠገቡ ያደርኩት እኔ ነኝ» ሲሉ ቀጠሉ። «ያን ጊዜም ፈረሶቹ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ልጅህ ዳነ ወይስ አልዳነም?»

«ድኗል» አለ ጀማል።

«እንግዲያ እኔ ጂኒ አለብኝ? አለንጋው ለኔም ይገባኛል?»

ጀማል ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄደ። ሊሮጥ መስሎኝ ነበር። ቆመ። «ይኼን ለማን ነገርህ?» አለ።

«ላንተ። ሚስቴም አታውቅ። አንድ ወር ስጠኝ ጀማል፤ የዓይን ሐኪሞች ዘመቻ ወደ ከተማ ይመጣል ተብሏል። እስተዚያ ድረስ እናትህን የሚያበላ ሰው እኔ አመጣለሁ። ኸዚያ በኋላ ያሻህን አድርግ።»

ጀማል «አንድ ወር» አለ።

ስንመለስ ማሽላው መሀል ቀደም ብለው የወጡበት ቦታ ላይ ስንደርስ ቆምኩ። «እዚህ ጋ ለማን ነው መንገድ የለቀቁት?» አልኳቸው።

«ሰዎች ነበሩ፤ ጭነት ይዘው የሚያልፉ» አሉኝ። «እንደሌሉ አውቃለሁ። ግን አጥርተው ሲታዩሽ፣ እያወቅሽም ገፍተሽ ማለፍ ያሳፍራል።»

የዚያን ቀን ሁሉን ነገሩኝ። የሳቸው ሞራ አይደለም፤ የዓይን ግፊት ነው፣ ነርቩን የሚገድለው፣ በቀዶ ጥገና የማይመለሰው። የቀኝ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ የግራው ከጫፍ ጫፍ እየጠበበ ነው። መጀመሪያ ፈረሶቹን ያዩ ቀን አበድኩ ብለው ለሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አንድ ሸምገል ያሉ የዓይን ሐኪም ፊት ቀርበው ሁሉን ሲነግሯቸው፣ ሐኪሙ ሳይደነግጡ «ይናገራሉ?» ብለው ጠየቋቸው። «ያቺ ጥያቄ ናት ያዳነችኝ» አሉ አያ እንድሪስ። «ዓይኔን አላዳነችም፤ እኔን ግን አዳነችኝ።»

«የሚያውቋቸው ሰዎች ናቸው የሚያዩት?»

«አንድም የማውቀው የለም። የሚከብደው እሱ ነው። እናቴን ባይ ምን ነበረ? ሁሉም እንግዳ ነው፤ ሁሉም ሌላ ቦታ የሚሄድ ነው የሚመስል።»

ከዚያ ቆም ብለው፣ «ሲስተር፣ ኸመጣሽ ወዲህ መርፌ ይዤ አላየሽኝም። አስተውለሻል?» አሉኝ። አስተውዬ አላውቅም ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ሁልጊዜ «የአንቺ እጅ ለስላሳ ነው» እያሉ መርፌ የሚወጋውን ወደ እኔ ይልኩ ነበር፤ እኔም ሙገሳ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለኃላፊው ልናገር አልናገር ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። አልተናገርኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግፊት ሲለኩ ቁጥሩን የማነበው እኔ ሆንኩ።

እማማ ሀዋን የሚያበላ ሰው ማግኘት ቀላል አልነበረም። አያ እንድሪስ ከዓርብ ተጓዦቻቸው ሁለት ሽማግሌና አንዲት አሮጊት መረጡ። አሮጊቷ እማማ ዘምዘም ይባላሉ፤ ደጁ ላይ ቆመው «አዑዙ ቢላህ፣ ጠብቀኝ» እያሉ ግማሽ ሰዓት አልገባም አሉ። በመጨረሻ ገቡና በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጡ። እማማ ሀዋ በእጃቸው እየዳሰሱ «ማን ነህ? አንቺስ?» እያሉ ሁሉንም ጠየቁ። ሁሉም መለሱላቸው።

«እኔ ዘምዘም ነኝ፣ የመሐመድ እናት። ቢስሚላህ በይ፣ እርቦኛል» አሉ እማማ ዘምዘም፣ ቶሎ ጨርሰው ለመውጣት ይመስለኛል።

እማማ ሀዋ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእንግዳቸው ለእማማ ዘምዘም አጎረሱ። ሲታኘክ ጆሯቸውን ጥለው አዳመጡ። ከዚያ ቆርሰው ራሳቸው በሉ። ሲውጡ አንገታቸው ላይ ያለው ጅማት ሁሉ ይታይ ነበር። እኔ ወጥቼ አጥሩ ጋ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ተራ ወጥቶ ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ሁሌም ምሳ እዚያ ይበሉ ነበር። ከረግረጉ ዳር እስከ ከተማ በእግራቸው ይመላለሳሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እማማ ዘምዘም ተራቸው ባልሆነ ቀን መምጣት ጀመሩ።

የዓይን ሐኪሞቹ መጡ። በድንኳን፣ በትምህርት ቤት ክፍል፣ ሰው እንደ ገበያ ፈሰሰ። ጀማል እናቱን አዝሎ አመጣቸው። የግራ ዓይናቸው ተሠራ፤ በማግስቱ ማለዳ ፋሻው ሲነሳ አያ እንድሪስና እኔ፣ ጀማልም ፊታቸው ቆመን ነበር። ብርሃኑን ለመዱና መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ። «ሸበትክ እንዴ?» አሉት። ጀማል እንደ ሕፃን አለቀሰ። አያ እንድሪስን አዩ፤ «አንተ ነህ እንድሪስ? እንዲህ ረጅም ነህ?» ከዚያ በክፍሉ ዙሪያ ተመለከቱ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ደስታቸው ከፊታቸው ወረደ።

«ሄዱ?» አሉ።

«ሄዱ እማማ» አሉ አያ እንድሪስ።

«ወይ ጉዴ። ሳልሸኛቸው?»

የሳቀ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳወራ እስከ ዛሬ ይከፋኛል። ጀማል በክፋት አይደለም፤ በምስጋና ነው ያወራው። «አያ እንድሪስ ራሱ እያየ ነው እናቴን ያዳነልኝ» ይል ነበር በሄደበት ሁሉ። ወሬው ግን ከሚሴ ሲደርስ መልኩን ቀይሮ ነበር። ጤና ረዳቱ ጂኒ ያያል፤ ጂኒዎች ጤና ጣቢያ ይመላለሳሉ። እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው በር ላይ ሲደርሱ አያ እንድሪስን ካዩ ይመለሱ ጀመር። አንድ ቀን የክትባት ክፍሉ ከጠዋት እስከ ማታ ባዶውን ዋለ። ኃላፊያችን ጠርቷቸው ዓይናቸውን እንዲመረመሩ ጻፈላቸው። ምርመራው የሚለው ይታወቃል። ከጡረታ ጊዜያቸው በፊት ተሰናበቱ።

እኔ ተናድጄ ደብዳቤ ልጻፍ ስል፣ «ተይው ልጄ፤ ልክ ነው» አሉኝ። «የማያይ ሰው ሕፃን መመዘን የለበትም። እኔ ቀድሜ ማቆም ነበረብኝ።» ጋዋናቸውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በር ላይ ሲደርሱ ለአፍታ ቆመው አንድ የማይታየን ነገር አሳልፈው ወጡ። የጽዳት ሠራተኛዋ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ያ ወሬ ግን ሌላም ሥራ ሠራ። በሳምንቱ አንድ ሐጂ የአያ እንድሪስን ቤት አንኳኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ መስጊድ ቀርተው ነበር፤ ቤተሰባቸው እግራቸውን ነው የሚያማቸው ብሎ ነበር። ምክንያቱ ለካ ሌላ ነው፤ ሶፉ ውስጥ፣ ከሰጋጆቹ ረድፍ መሀል፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው እሳቸውን የሚያዩ ሰዎች ይታዩአቸዋል። ለማንም አልተናገሩም። «የሠራሁት ኀጢአት አለ ብዬ ነው» አሉ። አያ እንድሪስ ሻይ ሰጧቸውና «ይናገራሉ ሐጂ?» አሉ። ሐጂው ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ከዚያ ሌላው መጣ። ከጨፋ ሮቢት መጡ፣ ከሰንበቴ ገበያ ሲመለሱ ጎራ የሚሉ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሳያውቁ፣ ምርኩዝ እየተደገፉ። ያ ሁሉ ሰው በየቤቱ ብቻውን ፈርቶ ይቀመጥ ኖሯል! ሞራ ያለበትን ወደ ዓይን ሐኪም የምልከው እኔ ነበርኩ። የማይድነውን አያ እንድሪስ አብሮት ከሚሄድና ከሚበላ ሰው ጋር ያገናኙታል።

እኔ ወደ ደሴ ተዛወርኩ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ። በመጨረሻ ያየኋቸው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የግራ ዓይናቸውም ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ደጃፋቸው ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው አገኘኋቸው። እጄን ያዙ። ፈርቼ ፈርቼ፣ «አሁንም ይመጣሉ?» አልኳቸው።

«የሉም» አሉ። «ብርሃኑ ሲያልቅ እነሱም አለቁ። አንድ ሰሞን ፈረሶቹ ብቻ ነበሩ፤ ኸዚያ እነሱም ሄዱ። ጨለማው ባዶ ነው ልጄ። ይህን ያህል ባዶ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።» ቀጥለው ደግሞ፣ «አትዘኚ፤ ሀዋ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። የልጅ ልጆቿን ስድብ ሁሉ ትነግረኛለች» ብለው ሳቁ። እማማ ሀዋ ያኔም በአንድ ዓይናቸው ክር መርፌ ውስጥ ይከቱ ነበር።

እንግዲህ ያን ቀን፣ ከዘይነብ ስልክ በኋላ፣ ሚኒባሱ ከኮምቦልቻ ቁልቁል ሲወርድ ይኼን ሁሉ እያሰብኩ ነበር። መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶ ቆመን ስለነበር ዘግይቻለሁ። ሜዳው ሲከፈት ሙቀቱ እንደ ድሮው ይንቀጠቀጣል። ከመንገዱ በስተግራ፣ ራቅ ብሎ፣ ነጭ የለበሱ ሰዎች በረድፍ ሲሄዱ አየሁ። ብዙ ናቸው። እግራቸው መሬት የነካ አይመስልም። የመኪናው መስኮት ዝግ ስለነበር ድምፅ አይሰማም። ከፊት ያሉት በእርጅና ጎብጠዋል፤ ምርኩዝ ይዘዋል፤ ግን የሚሄዱት እንደ ጎረምሳ ነው። ዓይኔን አሸሁ። አሉ።

አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ክንዷን ያዝኳት። «እህቴ፣ እዚያ ማዶ ሰዎች ይታዩሻል?»

ገርሟት አየችኝ። «ቀብር ነው እንጂ» አለች። «ምን ሽማግሌ ነው ደግሞ የበዛው! ወጣቶቹን እኮ ከኋላ ጥለዋቸዋል።»

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ አቆመልኝ። ጫማዬን በእጄ ይዤ የታጨደውን የማሽላ አገዳ ቆረን እየረገጥኩ ወደ እነሱ ሮጥኩ። ቃሬዛውን የተሸከሙት ጀማልና ሌሎች ጎልማሶች ናቸው፤ ላብ አጥምቋቸዋል። ከፊታቸው፣ ከዓርብ ተጓዦቹ መሀል፣ ሐጂውን አየሁ፤ ወደ ሰማንያ ሳይጠጉ አይቀሩም። እንደ ልማዱ ሴቶቹ ከኋላ ርቀው ነበር፤ ከእነሱም ፊት እማማ ሀዋ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ይራመዳሉ። ስማቸውን ጠራሁ። ዞር ብለው በዚያች በአንድ ዓይናቸው አዩኝና «ቶሎ በይ» በሚል በእጃቸው ጠቀሱኝ።

ፈጠን አልኩ። ግን የአርባ ዓመት ሰው ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምውል፤ ትንፋሼ አጠረኝ። መቃብሩ አፋፍ እስኪደርሱ ድረስ ልደርስባቸው አልቻልኩም።